ፎቅ ላይ ያለው ባሕር

አስማረ ከዓሣ ገንዳው ሥር ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ተንጋሏል። ጎንደር ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ በከፈተው ካፌ ያቆመው የባሕር ዓሣ ገንዳ ሲገነፍል ይኸው ሦስተኛ ጊዜው ነው። ውኃው የሚወርደው ምድር ቤት ቀሚስ በሚሸጡት በወይዘሮ ብርቄ ሱቅ ላይ ነው። ትናንት የሙሽራ ቀሚስ አበላሸ። አስማረ ግን «የሕንጻው ቧንቧ ነው» ብሎ ካዳቸው።

አሁን ድምፃቸውን ሰማ። ፎቅ ወጥተው ካፌው በር ላይ ከተቀመጡት ከዘበኛው ከአያ አድማሴ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«እንዴት ዋሉ አያ አድማሴ? ጉልበትዎ ተሻለው? ሰማዩ ዛሬ ሸጋ ነው፤ ደመና እንኳ የለም... የሚዘንበው እኔ ቤት ብቻ ነው።»

አስማረ ቁምሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ጆሮውን ወደ በሩ አቀና።

«ኧረ ሰው ለማማት አይደለም! እኔማ ጨዋ ጎረቤት ነው ያለኝ። ጨዋነቱንም በዓይኔ አየሁት... ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ከጠዳ በመጣችው ሙሽራ ቀሚስ ላይ ቀረ። ቧንቧ ነው ተባልኩ። ምነው፣ የጎንደር ቧንቧ ጨው ማምጣት የጀመረው መቼ ነው? ደግሞ ትጋቱ! መሙላት ላይ አይታማም፤ ላዩም ሙሉ፣ ታቹም ሙሉ። ትንሽ ዝቅ ማለት ግን... እሱን ማን ያስተምረው?»

አያ አድማሴ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አስማረ ትርፉ ውኃ የሚወርድበትን፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለውን የታችኛውን ገንዳ አየ። እውነትም እስከ አፉ ሞልቶታል። ፊቱ እየጋለ በጣሳ እየቀዳ ወደ ባልዲ ይገለብጥ ጀመር።

«ሰሙ? የሆነ ነገር ይንቦጫረቃል... አይጥ ይሆን? ባሕር ውስጥ አይጥ ይኖራል እንዴ? እኔ ምን አውቄ! መብራት በሄደ ቁጥር እንደሚዘንብብኝ ብቻ ነው የማውቀው። አባቴ ኮላ ድባ ከተማ ነጭ ጋዝ ከበርሜል በጎማ ሲስብ፣ የጎማውን አፍ ከጋዙ ብቅ ካላደረገው መች ያቆምለት ነበር? ግን የጋዝ ነጋዴ ልጅ ለተማረ ሰው ምን ትነግራለች...»

አስማረ ወጣና ወደነሱ ሳያይ የላይኛውን ገንዳ መረመረ። ፓምፑ ውኃውን ከታችኛው ገንዳ ወደ ላይ የሚመልስበት ቱቦ ጫፉ ጠልቆ ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ የላዩን ውኃ ወደ ታች የሚስበው ለካ እሱ ኖሯል! ጫፉን እስከ ውኃው ገጽ ከፍ አድርጎ አሰረው። ከዚያ ለሙከራ ፓምፑን ከሶኬቱ ነቀለ። ቱቦው ጥቂት ውኃ ለቀቀ፣ አየር ሳበ፣ አንኮራፍቶ ቆመ። ታች ጠብታ አልፈሰሰም።

ደስታና ሀፍረት አንድ ላይ መጡበት። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ወይዘሮ ብርቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ዓይናቸው አሁንም ከአያ አድማሴ አልተነቀለም።

«ልሂድ፤ ቀሚሱን ልጠበው። ሳልመርቅ ብሄድማ ነውር ነው። እግዜር የልቡን ይስጠው! ሸጋ ቤት ይስጠው፤ ምንጣፉ ያማረ፣ አልጋው የተነጠፈ። ጎረቤትም አያሳጣው... ልክ እንደሱ ያለ፣ ከበላዩ።»