ያልከፈትኩት የራዲያተር ክዳን

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ሥራ ለምትፈልጉ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው የምነግራችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አሰብ ከመጣሁ ወራት ቢያልፉም በየማስታወቂያ ሰሌዳው በሚለጠፈው የተቀጣሪዎች ዝርዝር ላይ ስሜ አልነበረም። የሞተር እውቀቴም ብቻዬን ከመጽሐፍ የለቃቀምኩት ነው። አንድ ቀን ጋራዥ ገብቼ ካፖውን፣ የሠራተኞቹን አለቃ ማለቴ ነው፣ ሥራ ስለምነው አንድ የጭነት መኪና እንፋሎት እየተፋ ከተፍ አለ።

«ሥራ ፈልገህ የለ? በል የራዲያተሩን ክዳን ክፈት» አለኝ ካፖው።

«አሁንማ አይከፈትም፣ ጋሼ።»

ሾፌሩ ከጋቢናው ሆኖ ሳቀ። «ገና ሳይቀጠር አለቃ ሆነ እኮ!»

ሥራው ከእጄ እንደወጣ ታወቀኝ፤ አፌ ግን ማስረዳቱን አልተወም። «ውሃው ውስጥ ታፍኖ ከመፍላትም አልፎ ግሏል። ክዳኑ ትንሽ ከላላ ገንፍሎ ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ሞተሩ ይጥፋና መጀመሪያ ይብረድ።»

ካፖው የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ቆዳው ተጨማዶ ያብረቀርቃል። «እኔም ሥራ ስጠይቅ ክፈት ተባልኩ። እሺ ብዬ ከፈትኩት» አለ። «አንተም እጅህን ብትዘረጋ ኖሮ፣ ይዤ ወደ በሩ ነበር የምሸኝህ።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሮ «አጥፋው እንጂ ሞተሩን!» ብሎ ጮኸበት። ለእኔም «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትቀድምህ ና» አለኝ።

እናም ወዳጆቼ፣ ሥራ ፍለጋ ስትወጡ እሺታን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የማይሆነውን አይሆንም በሉ፤ ለምን እንደማይሆንም አስረዱ። ቀላል አይደለም፣ ግን ሞክሩት።