ቡስተር እና ሁለት ካርዶች
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ጤና ጣቢያ የኮቪድ ክትባት ሊወስዱ ከተሰለፉት አሥራ ዘጠነኛው እኔ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ሲስተሯ፣ «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አባባ! ቡስተር ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።
«ቡስተር ምንድን ነው ልጄ?»
«ሰውነት የቀድሞውን ክትባት እየረሳ ሲሄድ የሚያስታውሰው ነው። ስንት ወስደዋል?»
«ሁለት። ሁለቱንም ኪራሙ እያለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር።»
«ካርድዎስ?»
ካርዴ ኪራሙ ቤቴ፣ ከአልጋው ሥር ካለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከባለቤቴ ካርድ ጋር በአንድ ክር ታስሯል። እሷን በቀበርኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ከተኩስ ስሸሽ ሳጥኑ እዚያው ቀረ።
«አይጨነቁ፣ ከጠፋ እንደ አዲስ ከአንድ እጀምርልዎታለሁ» አለች መርፌውን እያዘጋጀች።
በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ከባዶ ጀምሬያለሁ፤ ኪራሙ ስገባ አንድ፣ ነቀምቴ ስገባ ሁለት። ይሄኛውን ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ለመርፌው የሰበሰብኩትን እጅጌ መልሼ አወረድኩ።
«አልጠፋም ልጄ፣ ቤቴ ነው ያለው። መንገዱ ሲከፈት ሁለቱንም ካርዶች ይዤልሽ እመጣለሁ።»
«የእማማን ደግሞ ለምን? እሳቸው ራሳቸው ይምጡ እንጂ!» ብላ ሳቀች።
«አብረው ነው የታሰሩት» አልኳት። «አልፈታቸውም።»