በእንዶድ የነጣው ሱሪ

ከቢቸና ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ አንድ ጠና ያሉ ገበሬ አብሮን ለተሳፈረ ድሬሰር፣ ለጤና ረዳት፣ ሕመማቸውን ይነግሩታል።

«ሐኪም፣ ቂጥኝ ሳይዘኝ አልቀረም። ብሽሽቴን አቃጠለኝ።»

«ቁስል አለው?»

«የለውም። ቀልቶ ያሳክከኛል።»

«ሲሸኑስ ያምዎታል? መግል ይወጣል?»

«ኧረ ምንም።»

«የቂጥኝ ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያሳክክምም። መቼ ጀመረዎት?»

«ለፋሲካ ይህን ሱሪ የለበስሁ ለት።»

«በምን ታጥቦ ነበር?»

«በእንዶድ። ሚስቴ እንዲነጣልኝ ብላ ዘፍዝፋ አሳደረችው።»

«በደንብ ተለቀለቀ?»

«በበጋ ከየት ውሃ ተገኝቶ?»

«እንግዲያው የፈጀዎት እንዶዱ ነው። ለማንኛውም ሞጣ ደምዎን ይታዩ። ሚስትዎንስ ያማቸዋል?»

«ምኑን አውቄ! ‹ከማን አመጣሽብኝ?› ብዬ ካባቷ ቤት ሰድጃታለሁ።»

ሞጣ እስክንደርስ ዓይኔ ከዚያ ነጭ ሱሪ ላይ አልተነሣም።