የአባዬ ጃፓናዊት ዘፋኝ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ታኮማ ፓርክ በሚሄደው ባስ ላይ፣ ጥቁር የለበሱ እናትና ልጅ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ልጅቷ የስልክ ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ሰክታለች።

“አውጪው!” አለች እናትየው።

“ማሚ፣ ፕሊስ።”

“የአባትሽ አርባ እንኳን ሳይወጣ ዘፈን? ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?”

“የእኔ አይደለም። የአባዬ ነው።”

“አባትሽ ከመዝሙር ሌላ ሰምቶ አያውቅም። የሞተ ሰው ላይ አትዋሺ።”

“አልዋሸሁም! ጃፓናዊት ዘፋኝ ናት። በጣም የታወቁት ዘፈኖቿ በሙሉ ስልኩ ላይ አሉ። በመኪናው ስኩል ድሮፕ ሲያደርገኝ ሁሌ እንከራከር ነበር። እሱ ስለ ዝናብ የዘፈነችውን ነው የሚወደው፣ እኔ ስለ ባሕሩ።”

“ጃፓንኛ የት ያውቃል?”

“ትርጉሙን ሰርች አድርጎ ነዋ። አብሯት ይዘፍን ነበር እኮ።”

“አባትሽ? ይዘፍን ነበር?”

“ጮክ ብሎ! መሪውን እየመታ።”

“እኔ መኪናው ውስጥ በገባሁ ቁጥር መዝሙር ነው የተከፈተው።”

“አንቺ ከቤት ስትወጪ ሲያይ ነው የሚቀይረው።”

ባሱ ቆሞ ሰው አውርዶ ተነሳ።

“ለምን አልነገረኝም?”

“ትቆጣለች ብሎ ነዋ።”

“እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ!”

ድምጿ ባሱን ሞላው፤ ሰው ሁሉ ዞር አለ። ልጅቷ ማዳመጫውን ቀስ ብላ ከጆሮዋ አወጣች።

እኔ ደግሞ ባለቤቴ ሊወስደኝ በመጣ ቁጥር፣ መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ ተከፍቶ የሚጠብቀኝን መዝሙር አሰብኩ።