ፈረሴ በሞተ ሳምንት የመሰከርኩት

ባቱ ከተማ ላይ በፈረስ ጋሪ ነው የምተዳደረው። ፈረሴ በሞተ በሳምንቱ፣ እሁድ ቸርች ሄጄ በምስክርነት ሰዓት ወጣሁ። «ፈረሴ ሞቷል፤ ጌታ ግን አልተወኝም» ከማለቴ የፕሮግራሙ መሪ ማይኩን ነጠቀኝ። «ወንድሜ፣ ምስክርነት የጸሎት መልስ ሲመጣ ነው። ሌላ ፈረስ ሲሰጥህ ትመሰክራለህ» አለኝ። ሰው ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«ስማ!» አልኩት ጮክ ብዬ፣ «እኔ የማመልከው ፈረስ አይደለም! ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት በጀርባዬ እየተሸከምኩ፣ ‹ጌታ ሆይ፣ ምነው?› ብዬ ስቆጣው እንኳ፣ ጠዋት ጠዋት ያስነሳኝ እሱ ነው። ይሄ ካልተመሰከረ ምን ሊመሰከር ነው?»

 ከኋላ አንዲት እናት ተነሱና፣ «የኔም ልጅ እስካሁን ከአልጋ አልተነሳም፤ መጸለዬን ግን አልተውኩም» አሉ። መሪው አቀረቀረ። እኔም ንዴቴ ሳይበርድልኝ፣ «አሜን!» አልኩ።