ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል

ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በዊልቸር ስለምትሄድ የክፍላቸው ልጅ ያወሩ ነበር።

«ሊፍት ባይኖርስ? እኛ ወንዶቹ በተራ ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ እናወጣታለን» አላት ልጁ።

«አይቻችኋለሁ።»

«ሰሞኑን ደግሞ እንደ ጥጥ ቀልላለች! ትናንት ብቻዬን ነው ያወጣኋት። ጂሙ ሠርቶልኛል መሰለኝ።»

«ለምን እንደቀለለች ታውቃለህ?»

«ለምን?»

«ቁርስ ትታለች። አንድ ዶርም ነን፤ አያታለሁ።»

«ምን ሆና?»

«‹ልጆቹን እንዳልከብዳቸው› ትላለች።»

«አንቺ! እየቀለድሽ ነው?»

«ውሃም እስከ ማታ አትቀምስም። ሽንት ቤቱ ታች ነው፤ እንደገና አውርዱኝ ማለት ታፍራለች።»

«በስመአብ! እኛ እኮ ከበድሽን ብለናት አናውቅም!»

«ደረጃው ላይ ‹ኧረ ወገቤን!› የሚለው ማነው ታዲያ?»

«ለጨዋታ ነዋ! እሷም ትስቃለች እኮ።»

«ትስቃለች።»

«ቆይ፣ ክፍሉን ወደ ምድር ቤት አውርዱልን ብሎ የጠየቀ የለም?»

«እናንተ እያላችሁ ማን ይጠይቃል?»

«ዲኑ ራሱ አይቶን ‹ጎበዞች!› ብሎናል።»

«አዎ። ብሎ አለፈ።»

ሜክሲኮ ስንደርስ፣ ልጠጣ ያወጣሁትን የውሃ ጠርሙስ ሳልከፍተው ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።