እስከ ላይኛው ጭረት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ዛሬ መረባችሁን ሳትጥሉ ቀርታችሁ እዚህ የተገኛችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፤ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድሜ ረጅም ንግግር የማይወዱ ሰው ስለነበሩ፣ የሕይወት ታሪካቸውን አሳጥሬ እንዳነብ ቤተሰቡ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም እንደማልችል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በተለይ ዛሬ፣ እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩት ነገር በዚህ ወረቀት መሐል ስላለ፣ እስከዚያ ድረስ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ወንድማችን የተወለዱት ከወደቡ ጀርባ ባለው፣ መስኮቱ ወደ ባሕሩ በሚከፈተው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ሲሆን፣ አባታችን መረብ ጠጋኝ፣ እናታችን ደግሞ በዓሣ ገበያው ውስጥ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ የሚሰማ ነጋዴ ነበሩ። እናታችን ሲተርኩ እንደሰማሁት፣ ወንድማችን በሕፃንነታቸው አልቅሰው አልቅሰው ዝም የሚሉት መስኮቱ ተከፍቶ የውኃው ድምፅ ሲገባ ብቻ ስለነበር፣ ክረምት ከበጋ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ቤተሰቡ በሙሉ ሲያስል ከርሟል። ከአራት ዓመት በኋላ እኔ ስወለድ መስኮቱ ይዘጋ ተብሎ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወንበር ላይ ቆመው መልሰው ይከፍቱት ነበር ይባላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በመልካም ውጤት የተማሩ ሲሆን፣ ከሁሉም ይልቅ ልባቸው የነበረው በጂኦግራፊ ላይ ነበር። አንድ ቀን በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ ትክ ብለው ካዩ በኋላ፣ የብሱ በከተማና በመንገድ ስም ተጨናንቆ ሳለ ባሕሩ ለምን ባዶ እንደተተወ መምህራቸውን ጠየቁ፤ መምህሩም እዚያ የሚጻፍ ነገር የለም ብለው አለፉት። ወንድማችን ካርታውን በደብተራቸው ገልብጠው ወደ ቤት ቢያመጡት፣ አባታችን የሚጠግኑትን መረብ ከጭናቸው ሳያወርዱ፣ ከባዶው ሰማያዊ መሐል አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው "ይሄ ሩቁ ውኃ ነው፤ እዚህ ጋ የባሕሩ ወለል ከፍ ይላል፣ ዓሣውም እዚያ ያርፋል" አሏቸው። ያ ደብተር፣ በአባታችን ጣት የቀረው ቅባት ሳይለቅ፣ ዛሬም በቤታቸው መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በአንድ አዛውንት ካፒቴን ጀልባ ላይ በገመድ ሳቢነት ተቀጥረው ሥራ የጀመሩ ሲሆን፣ ከእኚህ ሰው ሁለት ነገሮችን ወርሰዋል። አንደኛው፣ መረብ የሚጣልበት ቦታ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጀልባዋ ራሷ መንሾካሾኳን እስክታቆም ድረስ ሳይናገሩ መቀመጥ ነው። ካፒቴኑ ውኃው ምን እንደያዘ የሚታወቀው ያኔ ነው ይሉ የነበረ ሲሆን፣ ወንድማችንም ይህን ልማድ ዕድሜ ልካቸውን ስለጠበቁና አብሯቸው የሚወጣውን ሁሉ በጣታቸው ምልክት ዝም ስላሰኙ በወደቡ ሰው ዘንድ "አባ ጸጥታ" ተባሉ። ቤት ውስጥ ሲጠሩ የማይሰሙ ሰው እንዲህ ያለ ስም ማግኘታቸው ባለቤታቸውን እስከ መጨረሻው ሲያስቃቸው ኖሯል።

ሁለተኛው ውርስ፣ ካፒቴኑ ዕድሜ ሲጫናቸው ጀልባዋን ሲሸጡላቸው አብሮ የመጣው የነዳጅ መለኪያ እንጨት ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ክንድ ተኩል የሚሆን ቀጭን እንጨት ሲሆን፣ በነዳጁ ቋት ቀዳዳ ገብቶ ሲወጣ ናፍጣው እስከየት እንዳራሰው ይታያል። እንጨቱ ላይ በካራ የተበጁ ዘጠኝ ጭረቶች አሉ። ሁለተኛው ጭረት ድረስ ከራሰ እስከ ቋጥኞቹ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ አምስተኛው እስከ አሸዋማው ደሴት ያደርሳል፤ ዘጠነኛው፣ የላይኛው ጭረት፣ ሩቁ ውኃ ማለት ነው። ሌላው ሰው ነዳጁን በሊትር ሲቆጥር ወንድማችን በቦታ ይቆጥሩ ስለነበር፣ ስንት አለህ ሲባሉ "ደሴቷ ድረስ አለኝ" ብለው ይመልሱ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙት በበረዶ ፋብሪካው ማስረከቢያ መስኮት ላይ ነው። ባለቤታቸው በረዶ እየመዘኑ የሚሰጡ ሠራተኛ ነበሩ፤ ወንድማችን ደግሞ ባሕሩ ተናውጦ ማንም ጀልባ በማይወጣበት ሰሞን ሳይቀር በየጠዋቱ ሁለት ሣጥን በረዶ ሲገዙ ስለታዩ፣ ግቢያችን በቀለጠ በረዶ ጭቃ ሆኖ እናታችን ነገሩ ገባቸው። ጋብቻቸው በሠላሳ ስድስት ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ያፈራ ሲሆን፣ ወንዱ ልጃቸው ባሕር ሲያይ ስለሚያጥወለውለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ብዙዎቻችሁን ከጨለማ አውጥቷል፤ ሴቷ ልጃቸው ግን ትምህርቷን እንደጨረሰች የአባቷን ቦት ጫማ በካልሲ ሞልታ አጥልቃ ጀልባ ላይ ወጣች፣ አልወረደችም።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሩቁ ውኃ ዓመታት ነበሩ። ወንድማችን ሲያወሩት፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሰማያዊ ውኃ ሲሰነጥቁ ከቆዩ በኋላ ድንገት ባሕሩ ከሥሩ መብራት የበራበት ይመስል አረንጓዴ ይሆናል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጀልባዋ የቆመችው በውኃ ላይ ይሁን በአየር ላይ አይታወቅም፤ ዓሦቹም የራሳቸውን ጥላ እየተከተሉ ከሥር ሲያልፉ ይታያሉ። ይህን ሲናገሩ የያዙት ብርጭቆ በእጃቸው ላይ ይረሳ ነበር። እኔም አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁና እርሳቸው አላጋነኑም፤ ያጋነንኩት ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የነዳጅ ዋጋ ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በየዓመቱ ሲጨምር፣ ጀልባ ሁሉ መጀመሪያ ሩቁን ውኃ፣ ቀጥሎ ደሴቱን ተወ፤ መጨረሻ ላይ ሁላችንም ከቋጥኞቹ ወዲህ ባለችው ጠባብ ውኃ ተሰብስበን መረብ ከመረብ ስናጠላልፍ፣ ገና ያላደጉ ዓሦች ስናወጣና ስንጨቃጨቅ ቀረን። አንዱ ጀልባውን ገልብጦ የሻይ ቤት ጣሪያ አደረገው፤ ሌላው ሞተሩን ነቅሎ ለወፍጮ ቤት ሸጠ። ወንድማችንም እንዲሸጡ የመከርናቸው ብዙ ነበርን፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የጀልባዋን ሆድ በየሳምንቱ እየፋቁ፣ ሞተሩን በዝግታ እየነዱ፣ ነፋስ ሲገኝም ሸራ እየዘረጉ መሥራት ጀመሩ፤ ዓሣው ሳይቀር ቀድሞን ወደብ ይደርሳል ብለን ስንቀልድባቸው አብረውን ይስቁ ነበር።

አንድ ነገር ግን አያስቃቸውም ነበር። ልጃቸው ሰባት ዓመት ሙሉ አብራቸው ስትሠራ ሩቁን ውኃ አንድም ቀን አላየችም፤ ወንድማችንም ባሕሩን የቋጥኞቹ ጓሮ ብቻ አድርጋ የምታውቅ ልጅ ጀልባዋን ብትወርስ ለምን ብላ ትይዛታለች የሚል ጭንቀት ያዛቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ የቆጠቧትን አንድ ጆግ ናፍጣ በግቢያቸው መጋዘን በተደረደሩ ጀሪካኖች ውስጥ ማጠራቀም ጀመሩ። ባለቤታቸው ልብሱ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ እያሉ ቢማረሩም ጀሪካኖቹን በጨርቅ የሚሸፍኑት ራሳቸው ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ ላይኛው ጭረት የሚያደርስ ነዳጅ ሞላ፤ አባትና ልጅ ነፋሱ የሚበርድበትን ሳምንት መጠበቅ ያዙ።

ለማንም አልተናገርኩም ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ያን ሰሞን የእኔ ጀልባ ባሕር ላይ ቆማ ወንድማችን ሄደው ጎትተው እንዳመጧት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ምክንያቱ የሞተር ብልሽት ነው ተብሏል። ሞተሬ ምንም አልሆነም ነበር። በዚያን ጠዋት የበረዶ ሣጥኖቹን በሙሉ በቀኝ በኩል ጭኜ፣ ጀልባዬ ወደ ቀኝ አጋድላ ሳለ፣ የቋቱ ቀዳዳም በዚያው በቀኝ መሆኑን እያወቅሁ፣ በወንድማችን እንጨት አምሳያ የሠራሁትን የራሴን እንጨት በችኮላ ከትቼ ለካሁ። ናፍጣው ሁሉ ወደ ቀኝ ተሰብስቦ ስለነበር እንጨቱ እስከ ሰባተኛው ጭረት ራሰ፤ በውስጡ የነበረው ግን አራተኛውን አይሞላም። ጀልባ ቀጥ ሳይል አይለካም የሚለውን ያስተማሩኝ ደግሞ ወንድማችን ራሳቸው ነበሩ። ከደሴቱ አልፌ ነዳጄ አለቀ፤ ነፋሱም እየገፋ ወሰደኝ።

በሬዲዮ ድምፄን እንደሰሙ፣ የሁለት ዓመት ጀሪካኖቻቸውን አንድ በአንድ ቋታቸው ውስጥ ገልብጠው፣ ልጃቸውን ሬዲዮውን እንድትከታተል ወደቡ ላይ ትተው ብቻቸውን ወጡ። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሲደርሱብኝ በዙሪያዬ ያለው ባሕር አረንጓዴ ነበር፤ ነፋሱ የወሰደኝ ለካ ወደ ሩቁ ውኃ ኖሯል። ገመዱን ካሰሩ በኋላ ወደ ጀልባዬ ተሻግረው፣ እንጨቴን ቋቱ ውስጥ ከትተው ሲያወጡት ደረቅ ሆኖ አገኙት። ጭነቴ የተደረደረበትን አዩ፤ እኔንም አዩኝ። እንጨቱን በጨርቅ ጠርገው መለሱልኝና "ሞተር ነው በል፤ ሞተር ያልታመመበት ማን አለ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ጀልባቸው ተመልሰው ሞተራቸውን አጠፉ፤ ሁለታችንም በሁለቱ ጀልባዎች ላይ ተቀምጠን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን፤ ዓሦቹ ከሥራችን ያልፉ ነበር። ጀልባ እየጎተቱ ሌላ ጭነት ለመጨመር ነዳጁ ስለማይበቃ መረባቸውን አልጣሉም። ወደብ ስንገባ እንጨታቸው ከመጀመሪያው ጭረት በታች ነበር።

ልጃቸው ያን ቀን አባቷን የጠየቀቻቸው ስለ እኔ ሳይሆን ሩቁ ውኃ እንዴት እንደሆነ ነበር፤ እርሳቸውም "አለ፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም" ብለው መለሱላት። በማግሥቱ ያንኑ ጆግ አንሥተው ከባዶ ጀመሩ። እኔ አፍሬ ሁለት ሳምንት ቤታቸው ሳልሄድ ብቀር፣ ዓሣ ጠብሰው ይዘውልኝ መጡ።

ባለፈው ዓመት ያደረባቸው የሳንባ ሕመም ቀስ በቀስ እየጸናባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋቸው ወደ መስኮቱ ተጠግቶላቸው፣ እያንቀላፉ ጣቶቻቸው በአንሶላው ላይ የማይታይ ገመድ ሲቋጥሩ ይውሉ ነበር፤ ሲነቁም ልጃቸውን እንጨቱ ስንት ጭረት እንደደረሰ ይጠይቋት ነበር። ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ የነበረው የሞተር ድምፅ አንድ በአንድ ጠፍቶ ወደቡ ጸጥ ሲል፣ ጣታቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው በዚያው በተወለዱበት መስኮት ሥር በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ጣታቸውን ያነሡት ዝም በሉ ለማለት ስለመሰለን ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አላለቀስንም።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት ጀልባና አንድ ለፍላፊ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃን ከሥር በሚወጣበት ጸጥ ባለ ውኃ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።

የኔ ልጅ፣ አባትሽ ሲሞቱ በመጋዘኑ ሦስት ጀሪካን ነበር። እነሱን በጀልባችሁ ቋት ገልብጬ፣ የጎደለውን ከእኔ ጀልባ ቀድቼ ዛሬ ማለዳ ሞልቼዋለሁ፤ የእኔዋ ዘንድሮ ወደቡ ላይ ትረፍ። ነፋሱ በሚበርድበት ሳምንት ሂጂና እዪው። እንጨቱ እስከ ላይኛው ጭረት ይርሳል። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ነበር።